አሥራ ሦስት መኸር በብረት አውራ ጣት

ጥቅምት 19፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሁለት ሸራ ጨርሼ ሦስተኛው ላይ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ዛሬ ብቻ ሦስተኛ ጊዜው ነው። አውራ ጣቴ ሥር ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጣቴ የኔ አይደለም። በጨርቅ ቁራጭ ጠፍንጌ አስሬ ቀጠልኩ። ካሣዬ ከወዲያኛው የስፌት መኪና ሆኖ አይቷል። አላየሁም ለማለት ክሩን ምራቅ እየቀባ መርፌ ውስጥ ያስገባል። ክሩ ቀድሞ ገብቷል እኮ።

የሸራ ወቅት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል፣ ደርቋል፣ አፉን ከፍቷል። ገበሬው ነዶውን ገልብጦ የሚያራግፈው ሸራ ላይ ነው፤ ሸራው ካልደረሰለት ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ከኔ ከብርቄ የበለጠ የሚፈለግ ሰው የለም። ቀሚስ የሚያሰፋ የለም። ሁሉም ሸራ፣ ሁሉም ዛሬውኑ።

ሸራ እንደ ቆዳ ነው። የሚቆርጠው ክንድ አይደለም፣ አውራ ጣት ነው። ይህን ልብስ ሰፊና እግዜር ብቻ ያውቃሉ።

ደብተሬ፣ አጭር አጭር ብጽፍብሽ አትቀየሚኝ። እስክሪብቶም እንደ መቀሱ ሆኗል። ካሣዬን ከዛሬ ጀምሮ ካ. እለዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አብሮኝ የሰፋ ሰው ነው፣ ግን ሙሉ ስሙ ያደክመኛል።

ዛሬም ያን ሐኪም ረገምኩት። ጸሎቴን አድርሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከዚያ እሱን። አራት ዓመት ሆነኝ። እጁ ይሰበር እላለሁ። ከዚያ ወደ ሱቅ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ምሳ። የካ. ሚስት ወርቄ ለሦስታችን በአንድ ትሪ አቅርባ ብዪ ትላለች። ጽጌን እየጾምኩ ነው አልኳት። በዕድሜዬ ጽጌን ጾሜ አላውቅም። ወርቄ እንዴት ደስ አላት! አንቺም ለነፍስሽ አሰብሽ አለችኝ። ይቅር በለኝ።

እውነቱ፦ እንጀራ መቁረስ አቅቶኛል። አውራ ጣት ካልጫነው እንጀራ አይቆረስም። ግራ እጄን ደግሞ ወደ ሰው ትሪ ከምሰድ ረሃብ ይሻለኛል። እነሱ ሲወጡ መጋረጃ ጀርባ ገብቼ በግራዬ እበላለሁ፣ እንደ ሌባ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ረጅም ስም አላቸው፤ እኛ ቁርጥማት እንለዋለን። አውራ ጣት ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ መጋጠሚያ ትበላለች። ልስላሴዋ ያልቅና አጥንት አጥንትን ይፈጫል። ሃያ ዓመት መቀስ ይዘሽ እዪው። በአርባ አንድ ዓመቴ የበር ቁልፍ ማዞር አቃተኝ።

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፣ ከዚህ አገር የታመመ ሁሉ ካርቱም ነው የሚሄደው። እኔንም ደላላ ወሰደኝ። ዶ/ሩ የተበላውን አውጥቶ ብረት ተከለልኝ። አንዱ ቁራጭ እንደ ሙቀጫ፣ አንዱ እንደ ዘነዘና፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይዞራል። በሁለት ወሬ መቀስ ያዝኩ።

ዘጠኝ ዓመት ወርቅ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፣ ደስ ባይለኝም። ልብስ እጨምቅ ነበር። የጀሪካን ክዳን እከፍት ነበር። ሰው ስጨብጥ ሰውዬው ነው የሚያመው። በአሥረኛው ዓመት ቀጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ፣ ገንዳ ውሃ

በ12 ሰዓት ሚኒባስ። ራጅ አነሱኝ። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አገላብጦ አየ። ሌላ ጠራ፣ ያም አየ። ሦስተኛው መጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሙሽራ የሆንኩ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ብረት አይተው አያውቁም።

ያሉኝ፦ ሙቀጫው ከአጥንቱ ለቋል። ዙሪያው ሳስቷል። ጎንደር ሂጂ፤ ግን የገባብሽ ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ልኩም ስንት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከተከለው ሐኪም አምጪ። ያለዚያ የሚከፍቱሽ በዳበሳ ነው።

ወረቀትማ ነበረኝ። ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ምስጥ በላው። ካርታውን ትቶ እሱን። የዚህ አገር ምስጥም ይመርጣል።

ከተከለው ሐኪም አምጪ! ካርቱም እየነደደች፣ ሰዉ ልጁን አዝሎ በጋላባት በኩል በእግሩ እየገባ፣ እኔ ወረቀት ልጠይቅ ልሂድ። በየዓመቱ እየመጣሽ ራጅ ተነሺ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን አልሄድኩም። ላላመመኝ እጅ ሁለት ቀን መንገድ ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። ዛሬ ይህን ስናገር ሐኪሞቹ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ። በጣም ነው የተናደድኩት።

የመመለሻው አውቶብስ አምልጦኛል። እዚሁ እህቴ ከጥሩ ቤት አድራለሁ።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ጥሩ ታላቅ እህቴ ናት። በሽታው ከእናታችን ነው መሰል፣ እሷንም በዚያው ዓመት ነው የያዛት። እኔ ካርቱም ስሄድ እሷ ጎንደር ሄደች። እዚያ ብረት የለም። የተበላችውን አጥንት አውጥተው ጣሏት፣ ባዶውን በገዛ ጅማቷ ጠቅልለው ሞሉት። አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሸራ እቆርጣለሁ። ሳቅሁባት። እጇን ባዶ ኪስ ብዬ ስም አወጣሁለት። በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ ሰው ፊት። የኔ ብረት ነው፣ የሷ ባዶ ኪስ ነው።

ዛሬ ጠዋት የዘይት ጀሪካን ከፈተችልኝ። እያወራች፣ እጇን ሳታይ። ጉልበቱ እንደ ድሮ አይደለም ትላለች፣ ግን ሕመም የሚባል አታውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት።

ስድቤን አልመለሰችልኝም። ምነው በሰደበችኝ! ፊልሙን አየችና፦ «አንች ብርቄ፣ ይህ በጉልበት የሚሆን አይደለም። ጎንደር አብረን እንሂድ» አለች። እኔም ደግሞ እኔንም ባዶ ኪስ ልታደርጉኝ ነው ብዬ ጮህኩባት። በገዛ ቤቷ፣ ያበሰለችልኝን እየበላሁ። ሳልሰናበታት ወጣሁ።

አዲስ ብረት ነው የምፈልገው። ዘጠኙን ዓመቴን መልሱልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ፣ 5 ሰዓት

አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ሱሪ ይዞ መጣ። ወገቡን አጥብቢልኝ ነው። በዚህ ሰሞን ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሥራ ሁሉ ማጥበብ ነው፤ የሚያሰፋ የለም። ለካሁት። አንድ ስንዝር ሊገባ ነው። ሰውዬው ሱሪው ውስጥ አልቋል።

ተማም፣ ጥሩ ነው፣ ያ ሲት፣ እመቤቴ አለኝ። ድምፁን ሰማሁ። ሜትሩ እጄ ላይ ቀረ።

9 ሰዓት

እሱ ነው። ስሙን በትእዛዝ ደብተሬ ላይ አስጻፍኩት። የካርቱሙ ሐኪም ራሱ ነው።

አላወቀኝም። ቅዳሜ ና አልኩት፣ ሄደ። የምለውን አራት ዓመት ሙሉ አጥንቼዋለሁ፤ ሲመጣ ቅዳሜ ና አልኩት! ካ. ምን ሆነው ነው ይለኛል። ሙቀት ነው አልኩት።

ያረፈው እዚህ ገበያው ጀርባ አንድ የአገሩ ነጋዴ ቤት ነው አሉ። በእግሩ ነው የገባው፣ በአንድ ሻንጣ። የመተላለፊያ ወረቀቱ ሲያልቅለት ወደ ጎንደር ያልፋል።

እጁ ይሰበር እል ነበር። እጁን አየኋት፣ ደህና ናት። ከእጁ በቀር ያለው ሁሉ ነው የተሰበረው። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

ቅዳሜን አልጠበቀም። ሸሚዝ ጨምሮ መጣ። እኔ ልብሱ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ጨርቁን ከእጄ ፈትቼዋለሁ። ድንገት ጎንበስ አለ። እጄን ሳይጠይቅ ያዘው። ጠባሳውን በጥፍሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

የኔ ስፌት ነው አለ። ልብስ ሰፊም የራሱን ስፌት ገበያ መሃል ያውቃል፣ አልገረመኝም። የገረመኝ ደስታው ነው። ስንት ዓመት? አሥራ ሦስት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። ወይ አለቀሰ። ያ ሰውዬ ሲስቅም ሲያለቅስም አንድ ነው።

ያለኝ፦ ይህን ብረት ለብዙ ሰው ተክያለሁ። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ የሚመለስ የለም። ደህና የሆነው ይረሳኛል፣ ያልሆነው ይረግመኛል፣ ሁለቱም አይመጡም። የጥቂቶቹን በደብተር ጽፌ ነበር፣ እሱም ከቤቴ ጋር ነደደ። አሥር ዓመት ያለፈው ብረት ምን እንደሆነ ያየሁት ዛሬ ባንቺ ነው። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ።

ተናገርኩ ያኔ። ያደረግከኝን አየኸው አልኩት። ቀጭ ማለቱን፣ እንጀራውን፣ አራቱን ዓመት። ሁሉንም። በገበያ አረብኛ፣ በተሰበረ አረብኛ፣ ግን ገባው። ጫን ብሎ ዳሰሰው፣ ቀጭ ሲል ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ጠየቀኝ። ትዝ ትዪኛለሽ፣ ከመተማ የመጣሽው የቤት እመቤት ነሽ አለ። ዓይኑ የስፌት መኪናውን አየ። ስፌት መቼ ጀመርሽ?

በቅርቡ ነው፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ አልኩት።

ካ. ቀና አለ። አየኝ። መልሶ አቀረቀረ።

ጥቅምት 30፣ ዓርብ

ሥራ አልሆነልኝም። እጽፋለሁ፣ ያመኛል፣ እጽፋለሁ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ካርቱም፣ ሐኪሙ ዘንድ ሊያስገባኝ ደላላው በር ላይ ቆሞ የመከረኝ ይህ ነው፦ ይህ ሐኪም በእጁ ለሚሠራ ሰው ብረት አይተክልም። ለገበሬ፣ ለግንበኛ፣ ለልብስ ሰፊ አጥንቱን አውጥቶ ነው የሚሰድ፣ አንድ ዓመት ትሰንፊያለሽ። ሥራሽን ሲጠይቅሽ የቤት እመቤት ነኝ በዪ።

አልኩ። ሁለቴም አላሰብኩ። የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው ምን ይዘሻል ሲል የሚመለስለትን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ምንም። ኬላ ላይ ምንም፣ ቀረጥ ላይ ምንም። እናቴ ሽሮ ስር ሸማ ደብቃ ስታሳልፍ አይቻለሁ። ሐኪሙንም እንደ ቀራጭ ቆጠርኩት። ይጠይቀኛል፣ እደብቀዋለሁ፣ አልፋለሁ። ስላለፍኩም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። አጅሬን ሸወድኩት ብዬ ለጥሩ ነገርኳት።

ከባድ አትቁረጪ፣ ከባድ አትጨምቂ ብሎኝ ነበር። ለቤት እመቤት የተሰጠ ምክር ነው፣ እኔን አይመለከትም ብዬ ተውኩት። በተመለስኩ በሁለተኛው ወር የመጀመሪያውን ሸራ ቆረጥኩ።

ታዲያ ማንን ነው ስረግም የኖርኩት?

ይህን ገጽ ልቀደው ነበር። ግራ እጄ መቅደድ ይችላል፣ ቀኙ መያዝ አይችልም። ቀረ።

ህዳር 1፣ ቅዳሜ

ሱሪውን ወሰደ። ልክክ ብሎለታል። የራጄን ፊልም ይዞ ሄዶ ነበር፣ መለሰልኝ።

ወረቀት እጽፍልሻለሁ አለ። ብረቱን ያስታውሰዋል፣ ልኩን ከፊልሙ ላይ ለክቶታል፣ ሥዕሉን ሁሉ ስሎታል። ለቤት ሥራ ብቻ የሚውል እጅ ስለሆነ፣ ስፌቱም ትናንት የተጀመረ ስለሆነ፣ የለቀቀው ወጥቶ አዲስ ይተከልላት ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ይህን የሚሠራ የድሮ ተማሪው አለ። ዓርብ ወረቀቱን ይሰጠኛል፣ ቅዳሜ ወደ ጎንደር ይሄዳል።

አዲስ ብረት! ልቤ ዘለለ። ደብተሬ፣ አልዋሽሽም፣ ዘለለ። ሌላ ዘጠኝ ዓመት። በዚያ ጊዜ ሥራ አቁሜ ቁጭ እላለሁ።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል አለ። ወጥ ለምታማስል ሴት እጅ ይህ ብረት እንዲህ መልቀቅ አልነበረበትም። አጥንቱም እንዲህ መሳሳት አልነበረበትም። ስለዚህ ጥፋቱ ከእጄ ነው፤ ሙቀጫውን አጣምሜ ተክዬዋለሁ። ሌሎቹንም እንዲሁ ተክዬ ይሆናል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዳግም ሥራ ባገኝ ይህን ብረት ለማንም አልተክልም።

ይቅርታ አድርጊልኝ አለኝ። ራሱን ዝቅ አድርጎ። እኔ ምን አልኩ? ምንም አይደል፣ ያጋጥማል አልኩት።

ህዳር 3፣ ሰኞ

ካ. በመጨረሻ ተናገረ። መቀሱን አስቀምጦ፣ በአክብሮት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«እትዬ ብርቄ፣ እኔ ስቀጠር እርስዎ ሸራ ይቆርጡ ነበር። ባለቤትዎም በሕይወት ነበሩ።»

አውቃለሁ አልኩት።

«ሰውዬው ራሱን እየበላ ነው። ትናንት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የገዛ እጁን ያያል።»

አንተ ምን አገባህ አልኩት። እኔ አራት ዓመት ራሴን ስበላ የት ነበር አልኩት። ካ. የኔን ድርሻ ሸራ አንስቶ መቁረስ ጀመረ። ይኸው፣ መቁረጥ ማለቴ ነው። እንጀራ ራሴ ውስጥ ገብቷል፣ ርቦኛል።

ለራሴ የምለው፦ አገር ያጣ፣ ቤት ያጣ ሰው አንድ የድሮ ታማሚ ቢያሳዝነው ምን ይጎድልበታል? እሱ ያልፋል። እኔ እጄን እፈልጋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ብረቱን ይከለክለኛል። ባዶ ኪስ እሆናለሁ። ጥሩ ባታፌዝብኝ እንኳ እኔ ያፌዝኩት ሁሉ ተመልሶ ይመጣብኛል። ዝም እላለሁ። ቁርጥ ነው።

ህዳር 6፣ ሐሙስ፣ ቁስቋም

ጾሙ ትናንት አበቃ። ሰበቤም አብሮ አለቀ። ወርቄ ስለጾምሽ ዛሬ ከኔ ቤት ነሽ ብላ በግ አሳርዳለች። ላልጾምኩት ጾም በግ ታረደ!

ትሪው ቀረበ። ካ.፣ ወርቄ፣ ጎረቤቶች። ሁሉም እኔ እስክጀምር ይጠብቃል፣ ትልቋ እኔ ነኝ። ቀኜን ሰደድኩ። እንጀራውን ያዝኩ፣ ጫንኩ፣ ቀጭ። ወጡ ውስጥ ጣልኩት። ደግሜ ሞከርኩ። ሰው ሁሉ ሌላ ሌላውን ያያል።

ግራዬን ሰደድኩ።

 ወርቄ አንድ ጥቅል ጎርሺ ብላ አስጠጋችልኝ። ጎረስኩ። አጎረሰችኝ። እኔ ግን በምን ጣቴ ላጉርሳት? ሳላጎርሳት ቀረሁ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ጣቴ አይደለም። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ጽጌው ሁሉ፣ መጋረጃው ሁሉ። ተደብቄ ያለፍኩ የመሰለኝ በር ሁሉ ክፍት ነበር፤ ዝም ያሉኝ ስለሚወዱኝ ነው። ያ ሽማግሌ ብቻ ነው ያመነኝ። አምኖኝ ነው ራሱን የሚበላው።

ህዳር 7፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ነገርኩት።

ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ በደንብ የታጠፈ። ከመቀበሌ በፊት አሥራ ሦስት መኸር ሸራ ቆርጫለሁ አልኩት። ካንተ ፊት ቁጭ ብዬ የቤት እመቤት ነኝ ስልህ ሃያ ዓመት የሰፋሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ውሸቴን ነው። ያንተ እጅ አላጠፋም።

ሸራ አሳዪኝ አለ። አሳየሁት። ካ.ን መቀሱን ስጠኝ አለውና ራሱ ሞከረ። በአንድ እጅ እምቢ አለው። በሁለት እጁ ይዞ ጨመቀ፣ ፊቱ ቀላ፣ አንድ ጣት ያህል ቆረጠ። በቀን ስንት? ሲበዛ አሥር አልኩት። በየዓመቱ? ጥቅምትና ህዳር ሙሉ።

ዘጠኝ ዓመት! አለ። ይህን እየቆረጠ ዘጠኝ ዓመት! የገዛ እጁን አየው። ደብተሬ፣ እንዲያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። አሥር ዓመት ከላዩ ወረደለት። ካ.ን አቀፈው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ እጄ ተንጠልጥሎ።

ቀጥሎ ተቆጣኝ። ይገባኛል። ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም፣ አንቺ እያየሽኝ አለ። ሃላስ፣ አበቃ አለና ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደው። እዚያው የካ. ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ሌላ ጻፈ። እንዲህ የተሠራበት አጥንት አዲስ ብረት አይሸከምም፤ ቢተከል በሁለት ዓመት ይለቃል፣ ያን ጊዜ የሚያዝ አጥንትም አይተርፍም። ብረቱ ይውጣ። የተበላችው አጥንትም ትውጣ። በጅማቷ ይሞላ።

የጥሩን እጅና የጀሪካኑን ነገር ነገርኩትና፣ እንደ እህቴ? አልኩት። እንደ እህትሽ አለ። ያኔ እውነቱን ብትነግሪኝ ያኔውኑ እንደ እህትሽ አደርግሽ ነበር፤ ዛሬ ጀሪካን ስትከፍቺ እጅሽን አታዪም ነበር።

ይህን ባይጨምር ምን ነበረበት።

ከዓመት በኋላ መኪና ላይ ተቀምጬ ቀሚስ መስፋት እችላለሁ። ሸራ ግን በሕይወቴ አልነካም። ሲሄድ እጄን በሁለት እጁ ያዘው፣ ብረቱን ነው የተሰናበተው፣ እኔን አይደለም። ጎንደር ሲደርስ አዲስ ደብተር ገዝቶ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊጽፈኝ ነው። ስምሽን ልተወው? አለኝ። ስሜን ተወው፣ ሸራውን ጻፍ አልኩት።

ህዳር 8፣ ቅዳሜ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ ታገሺኝ።

ዶ/ሩ በጠዋቱ አውቶብስ ሄደ። አልሸኘሁትም። ዛሬ ጸሎቴን አድርሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከዚያ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። የምረግመው ሰው የለኝም። አራት ዓመት የኖርኩበት እርግማን ነው፤ ያለ እሱ ቤቱ ጭር አለብኝ። ራሴን ልረግም ሞከርኩ፣ ጣዕም የለውም።

ለጥሩ ደወልኩ። ባዶ ኪስ ስላልኩሽ፣ ሳልሰናበትሽ ስለወጣሁ ማለት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «አውቶብሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?» አለችኝ።

ሰኞ፣ 12 ሰዓት። እሷ ገንዳ ውሃ ላይ ትሳፈራለች።

የቀረውን ሸራ ካ. ይጨርሰው። መቀሱን ሰጥቼዋለሁ፣ ለብድር አይደለም፣ ለሁልጊዜ። እምቢ አለ፣ ከዚያ ወሰደው። አንድ ዓመት እጄ ይሰንፋል። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅብኝ። ፈርቻለሁ። ተናድጃለሁም፣ ይህ ሁሉ ሆኖም ተናድጃለሁ፤ እውነት መናገር እጅ ያድናል የሚለኝ ካለ ይምጣና ያናግረኝ።

ጎንደር ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ይለኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ እለዋለሁ። ነበርኩ አልልም።